የእታባ መነጽር

አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ አንድ መነጽር ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። አባቴ ያውቅ ነበር፤ እናቴ ታውቅ ነበር፤ እታባም ያውቁ ነበር፤ በጨረታው አዳራሽ በር ላይ ቆሞ ካፖርት የሚቀበለው ዘበኛ እንኳ ሳያውቅ አልቀረም። ሰውን እንዲህ በዝምታ መንከባከብ ደግነት ነው ይባል ይሆናል። እኔ ግን ነገሩን ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ ስናደድ ነው የከረምኩት፤ በማን ላይ እንደምናደድ ለይቼ ማወቅ ስላልቻልኩም ንዴቴ ማረፊያ አጥቶ ከክፍል ክፍል ሲዞር ይውላል። ምናልባት ብጽፈው ቁጭ ይል ይሆናል።

ያን ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ አጫራች ነበር። የሞቱ፣ የከሰሩና ቤት የለወጡ ሰዎችን ንብረት፣ ማለትም የግድግዳ ሰዓት፣ የብር ማንኪያ፣ በትል የተበላ ቁም ሳጥን፣ ሥዕል፣ የቴምብር ስብስብ ሁሉ፣ ከፍ ካለ መድረክ ላይ ቆሞ በመዶሻ ይሸጥ ነበር። ሥራው በአዳራሹ አይወሰንም፤ ተከትሎት ቤታችን ይገባ ነበር። ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ከመስተዋቱ ጋር ይጫረታል። ምሳ ላይ ሳህን ውስጥ የተረፈችውን ድንች በሹካው እየጠቆመ፣ "አንደኛ! ሁለተኛ!" ማለት ሲጀምር እናቴ ሳህኑን ከፊቱ ታነሣና፣ "ይኼ ምሳ ነው እንጂ ጨረታ አይደለም፤ የሚበላ ይብላ፣ የማይበላ ይነሣ" ትለው ነበር።

እታባ የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው። የሒሳብ መምህርት ነበሩና ከክፍል ከወጡም በኋላ ማረም አልተዉም። ቤታችን የሚመጡት ሐሙስ ሐሙስ ነው። ገና ከበር ላይ ሳሉ በዚያ ወፍራም ቡናማ መነጽራቸው መጋረጃውን፣ ወለሉን፣ በመጨረሻም እኔን ያዩና፣ "ይኼ ልጅ ጀርባው ጎብጧል። ቀጥ በል!" ይላሉ። ቀጥ እላለሁ። "አሁን ደግሞ ተገተርክ" ይላሉ። ሐሙስን እንደምጠላው ሰኞን አልጠላውም ነበር።

በዚያ ሳምንት ሁለት ነገር ሆነ። መጀመሪያ ከሳሎኑ ጥግ የእናቴ የልብስ ስፌት መኪና ጠፋ። በእግር የሚረገጥ፣ ጥቁር፣ ጎኑ ላይ ወርቅማ አበባ የተሣለበት መኪና ነበር፤ ሥሩ ተቀምጬ መርገጫውን በእጄ እየገፋሁ መርከብ እነዳበት ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ምንጣፉ ላይ የአራት እግሮቹ ስርጉድ ብቻ ቀርቷል።

"መኪናው የት ሄደ?" ብዬ እናቴን ጠየቅኳት።

"ሄደ።"

"ማን ወሰደው?"

"ፈላጊው።"

እናቴ ለመመለስ ሳትፈልግ የምትመልሰው እንዲህ ነበር።

ሁለተኛው ነገር የሆነው ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። እኔ በመተላለፊያው ተቀምጬ ጫማ እጠርጋለሁ፤ እታባ ገና አልመጡም፤ አባቴና እናቴ ማእድ ቤት ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ወላጆች ድምፃቸውን ዝቅ ባደረጉ መጠን የልጅ ጆሮ እንደሚሰፋ እስካሁን የተረዳ ወላጅ አላጋጠመኝም።

"መነጽሯ ዐይኗ ላይ እስካለ ድረስ እኔ አላቆምም" አለ አባቴ። "ማቆምም አልችልም። ዋጋው የትም ይድረስ የትም።"

"እሳቸው ደግሞ እልህ ከያዛቸው የሚመለሱ ሰው አይደሉም" አለች እናቴ። "መነጽራቸውን ሳያወልቁ ቤታችንን ይዘውት እንዳይሄዱ።"

"ይዛው ትሄዳለች እንጂ! ራቁታችንን ነው የምንቀረው" ብሎ አባቴ ሳቀ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። "ቀልድህን ተው። ልቤ እዚያ መነጽር ላይ ተንጠልጥሏል።"

"እንግዲያው ልጁን ይዛ ትሂድ" አለ አባቴ ትንሽ አሰብ አድርጎ። "ልጅ አስከትላ የመጣችን ሴት ማንም ገዢ ናት ብሎ አይጠረጥርም።"

ልብ በሉ፤ ልጁን ውሰዱት ያለው ራሱ አባቴ ነው። ይህን ዛሬ ስጽፈው እንኳ ብዕሬን አስቀምጬ መነሣት ያምረኛል።

እኔ በበኩሌ የጫማ ብሩሹን እንደያዝኩ ስምንት ዓመት ያጠራቀምኩትን ዕውቀት ሁሉ አስተባበርኩና ደመደምኩ። እታባ ግትር ናቸው። መነጽራቸው አንዳች ኃይል አለው፤ እሱን አድርገው ሲያዩት አባቴ ማቆም አይችልም። ቤታችንን ሊወስዱ ነው። ስፌት መኪናው መጀመሪያ ነው፤ ቀጥሎ አልጋው፣ ከዚያ ድስቱ ይሄዳል። እናቴ ፈርታለች፤ አባቴ እንደ ልማዱ ይቀልዳል። የቀረ ወንድ ቢኖር እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የወለል ሰምና የአሮጌ መጋረጃ ሽታ ይሸታል፤ ወንበሮቹ ሁሉ የየራሳቸው ሲጥሲጥታ አላቸው። አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። እታባ ጋዜጣቸውን ዘረጉና ሳያዩኝ፣ "እጅህን ጭንህ ላይ አድርግ" አሉኝ። "እዚህ ቤት እጅ ካወዛወዝክ ቁም ሳጥን ገዝተህ ነው የምትወጣው።"

አባቴ መድረኩ ላይ ወጣ። ሰማያዊ ክራቫቱን አስሯል። ዐይኑ ሁሉም ላይ ሲያርፍ እኛን ግን እንደ ባዶ ወንበር አለፈን።

"አባዬ አላየንም" አልኩ።

"አይቶናል።"

"ታዲያ ለምን ሰላም አላለንም?"

"ሥራ ላይ ነው። ዝም በል!"

ሰዓቱ ተሸጠ። ማንኪያዎቹ ተሸጡ። አንዲት ሴትዮና አንድ ሽማግሌ በተሰነጠቀ ማሰሮ ተናንቀው ሽማግሌው አሸነፉና ወዲያው ፊታቸው ተበላሸ። እታባ ቀና ብለው አላዩም። ከዚያ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ተራ ቁጥር አርባ አንድ" ሲል ሁለት ተሸካሚዎች አንድ ሥዕል ይዘው ወጡ።

መስኮት ሥር የተቀመጠች ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት። ቀይ ሪባን አስራለች። አንደኛው ካልሲዋ እስከ ጫማዋ ወርዷል። ፊቷን አኮሳትራ ሠዓሊውን ስታየው፣ ሥዕሉ ውስጥ ስላስገባት ዕዳዋን የምትጠይቀው ትመስላለች። ምኗ ነው የሚገዛው ብዬ ገረመኝ።

መነሻ ዋጋው ተጠራ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠ ነጭ ጫማ ያደረገ ሰው የዕቃ ዝርዝሩን ከፍ አደረገ፤ በሰፈራችን የታወቀው ጥርስ ሐኪም ነው። "ሁለት መቶ፣ በመስኮቱ በኩል" አለ አባቴ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። እታባ ጋዜጣቸውን ከመግለጥ በቀር አልተንቀሳቀሱም። አባቴ ግን የእታባን መነጽር አየና፣ "ሁለት መቶ ሃምሳ" አለ። ጥርስ ሐኪሙ ደግሞ ዝርዝሩን አነሣ። "ሦስት መቶ።" አባቴ መነጽሩን አየ። "ሦስት መቶ ሃምሳ።"

እውነት ነው፤ ማቆም አልቻለም። እታባ እጃቸውን ሳያነሡ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ጋዜጣ እያነበቡ አባቴን ወደ ላይ ይጎትቱታል። ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። ጥርስ ሐኪሙ ትከሻውን ነቀነቀና ለመጨረሻ ጊዜ በሚመስል ሁኔታ ዝርዝሩን ከፍ አደረገ። "አራት መቶ፣ በመስኮቱ በኩል" አለ አባቴ፤ ፊቱንም ወደ እኛ መመለስ ጀመረ።

ወንበሬ ላይ ተንበረከክኩና በሁለት እጄ መነጽሩን ከእታባ ፊት ላይ መነጨቅኩት።

እታባ ያለ መነጽር የራሳቸውን እጅ አያዩም። እየዳበሱ፣ በታፈነ ድምፅ፣ "አምጣ! አንተ ልጅ፣ አምጣ ብዬሃለሁ!" አሉኝ።

"ቆሽሾ ነው እታባ፤ ልጠርግልዎት ብዬ ነው" አልኩና በሸሚዜ ጫፍ፣ ቀስ እያልኩ፣ አንዱን መስታወት ጨርሼ ሌላውን ያዝኩ።

አባቴ ወደ እኛ ዞሮ ደረሰ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን አየኝ።

"አንደኛ" አለ።

"አምጣ!" አሉ እታባ።

"ሁለተኛ።"

መዶሻው አየር ላይ ቀረ። እኔም ሸሚዜን ይዤ አባቴን አየሁት።

"ሁለተኛ" አለ ደግሞ።

ከኋላችን አንድ ሰው፣ "ዛሬ ደግሞ ቁጥር ጠፋበት?" ብሎ ሳቀ።

"ሦስተኛ።" መዶሻው ወረደ።

አባቴ በሠላሳ ዓመት ሥራው አንድን ቁጥር ሁለት ጊዜ የጠራው ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ በእፎይታ ተነፈስኩ። አባቴ መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ፤ ነፃ የወጣ ሰው እንዲያ የሚያደርግ መሰለኝ። መነጽሩን መልሼ እታባ አፍንጫ ላይ አስቀመጥኩላቸው። እስከ ቤት ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ቀጥ በል ሳይሉኝ ቀሩ።

እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳለች። የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ጠርጋ፣ ሚስማር መትታበታለች። ሚስማሩን አይቼ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

"እሺ?" አለች።

"ጥርስ ሐኪሙ" አሉ እታባ።

"አልሰማሁም፤ እስከ ስንት ደርሶ ነው? ከተነጋገርነው አለፈ?"

"ኧረ አላለፈም።" እታባ መሬት መሬት አዩ። "መነጽሬ ወለቀብኝ።"

ደስታዬን መያዝ አልቻልኩም። "ቆሽሾ ነበር እማ!" አልኩ። "እኔ ነኝ ጠርጌ የሰጠኋቸው!"

እናቴ አየችኝ። እጇን አንሥታ በራፉን ያዘችና መልሳ ለቀቀችው።

"ጎበዝ" አለችኝ። "እጅህን ታጠብና ና፤ ምሳ ቀርቧል።"

በማግስቱ ሚስማሩ ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር። የሚቀጥለው ሐሙስ እታባ ሲመጡ የመነጽራቸውን ሁለት ጫፎች በጥቁር ገመድ አስረው አንገታቸው ላይ አጥልቀውት ነበር። እርጅና ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ሳስታውስ ነው እንግዲህ ንዴቴ የሚብሰው። አባቴና እታባ ብቻቸውን ሲቀሩ ይጣላሉ፤ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። ቁርጥራጩን እሰማ ነበር። "እጅሽን ብታነሺ ምን ነበረበት?" "አንተ አይደለህም እጅሽን እንዳታነሺ ያልከኝ? አንተስ መቁጠርህን ብታቆም ምን ነበረበት?" "ምልክት ምልክት ነው!" "ግትር!" "ግትርስ አንቺ!" የውርስ መሬት ነገር መስሎኝ ነበር።

እናቴ ደግሞ በጥርሴ ላይ ተነሣች። ከክፍሌ ልጆች መካከል ጥርሱን በየሦስት ወሩ የሚታየው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጥርሴ አያመኝም ብል፣ "የሚያምህ ጊዜማ ሐኪሙ መች ይገኛል" ትላለች። ነጭ ጫማ ያደረገው ሐኪም ዘንድ ነው የምትወስደኝ። በተራ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ፣ ያ የመድኃኒት ሽታ ባለበት፣ የተኮሳተረችው ልጅ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። እናቴ ሁልጊዜ ከፊት ለፊቷ ባለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ተራችን ሲደርስ ከኋላችን ላለው ሰው፣ "እርስዎ ይግቡ፤ እኛ አንቸኩልም" ትላለች። እኔ እቸኩል ነበር! ከግድግዳው ማዶ የመሰርሰሪያው ድምፅ እየተሰማኝ አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል መቀመጥ! እንዲህ ያለች እናት በዓለም የለችም እያልኩ በልቤ እረግማት ነበር።

አንድ ቀን፣ ዐሥር ዓመት ሳይሆነኝ አይቀርም፣ ጊዜ ለመግደል ብዬ፣ "እማ፣ ይቺን ልጅ እንኳን አልገዛናት። እንዴት ታስጠላለች!" አልኳት።

"ዝም በል" አለችኝ ዐይኗን ሳትነቅል። "ሲጠሩን እንገባለን።"

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ባለፈው ዓመት ነው። አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። እኔ መነጽር ያደረግኩ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ፤ የሰው ሁሉ ጉዳይ በፋይል ቁጥር ይገኛል ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ቢሮዬ ሳለሁ ስልኩ ጮኸ።

"ሥዕሉ ወጥቷል" አሉ እታባ። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው፤ ሰላምታ ከተዉ ቆይተዋል።

"የትኛው ሥዕል?"

"የትኛው ይለኛል! የእናትህ ነዋ! ሐኪሙ ሞቶ ልጆቹ ዕቃውን ሊያስሸጡት ነው።"

"እማዬ ደግሞ ሥዕል መቼ ነበራት?"

"አንተ ልጅ፣ ዕድሜ ልክህን ወረቀት ስታገላብጥ ኖረህ ምንም ሳታውቅ ልትሞት ነው?"

ነገሩኝ። የእናቴ አባት የሱቅ ማስታወቂያ ሠሪ ነበሩ፤ ዳቦ፣ ጫማና መቀስ ሲሥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ለሱቅ ሳይሆን ለራሳቸው የሣሉት አንድ ሥዕል ብቻ ነው፤ ልጃቸውን አስቀምጠው። በዓመቱ ሞቱ፤ ሥዕሉም በችግር ለአንድ ዳኛ ተሸጠ። ዳኛው ሲሞቱ ንብረታቸው ለጨረታ አባቴ እጅ ገባ። ነጋዴዎቹ የአጫራቹን ሚስት ያውቋታል፤ ጣቷን ካነሣች ለተንኮል ሲሉ ዋጋውን ሰማይ ያደርሱታል። ስለዚህ መታየት የማይፈልጉ ገዢዎች ሁሉ ከአጫራች ጋር እንደሚያደርጉት በምልክት ተስማሙ፦ የእታባ መነጽር ዐይናቸው ላይ እስካለ ድረስ እየተጫረቱ ነው፤ ሲወልቅ ትተዋል።

"ታዲያ እጅዎን ለምን አላነሡም?" አልኩ ሳላስበው።

"አንተም እንደ አባትህ ጀመርክ? እኔ ያየኛል ስል፣ እሱ እጇን ታነሣለች ሲል! ሁለታችንም የደንቡ ሎሌዎች፣ ምን ታደርገዋለህ!"

"አንድ ቃል እንኳ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"አባትህ ነው። ልጁ ደግ ሥራ የሠራ መስሎታል፣ ማንም እንዳያበላሽበት አለ። እናትህም እሺ አለች።"

ስልኩን ዘጋሁ። እናቴ ሥዕሉን ልትገዛበት የሸጠችው ስፌት መኪና ገንዘብ የት እንደገባ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ፤ በየሦስት ወሩ፣ ጥርሴ ላይ አልቋል።

በጨረታው ቀን እታባን ይዤ ሄድኩ፤ ይቅርብዎት ብል አልሰሙኝም። አዳራሹ ወንበሮቹን ለውጧል፤ የሰሙ ሽታ ያው ነው። አጠገባቸው ልቀመጥ ስል በዱላቸው አስቆሙኝ።

"በመካከላችን አንድ ወንበር ይኑር" አሉ፤ የመነጽራቸውንም ገመድ አጠበቁ።

ሥዕሉ ሲወጣ ምልክትም ብልሃትም አላስፈለገኝም። ክንዴን እስከ ትከሻዬ ዘርግቼ አነሣሁና አላወረድኩም። ፊት ለፊት የተቀመጡ ባልና ሚስት ተፎካከሩኝ፤ ዞረው እያዩኝ ሲሳሳቁ አላፈርኩም።

"ዝቅ አድርገው እንጂ!" አሉ እታባ በሹክሹክታ። "አምፖል የምትቀይር አስመሰልከው!"

አላወረድኩም። አጫራቹ፣ ፊቱ የልጅ የሆነ ወጣት፣ አንደኛ አለ፤ ሁለተኛ አለ፤ ሦስተኛ አለ። እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ።

ቤት ስደርስ እናቴ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበሯ ላይ ነበረች። ሥዕሉን ከፊቷ አቁሜ የተጠቀለለበትን ወረቀት ቀደድኩ። አየችው። ፊቷ ቀስ በቀስ ተኮሳተረ፤ እኔም ሁለቱን ፊቶች ጎን ለጎን አይቼ እነዚያን ዓመታት ሁሉ ምን ሳይ እንደነበር ራሴን ጠየቅኩ።

"ስንት ከፈልክበት?" አለች።

ነገርኳት።

"አብደሃል!" አለች። ከዚያ ወደ ሥዕሉ ጠጋ አለች። "ሦስት ቀን ሙሉ አትንቀሳቀሺ እያለ አስቀመጠኝ። ካልሲዬን ልሳብ ብለው እንኳ እንቢ አለኝ።" ጣቷን በወረደው ካልሲ ላይ አሳለፈች፤ ቀለሙን ሳትነካ።

ከወንበሯ አጠገብ ተንበረከክኩ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ መግቢያ ነበረው፣ ሦስት ነጥብ ነበረው። "እማ፣ ያን ቀን እኔ..." ብዬ ጀመርኩ።

እጇ መጣና መነጽሬን ከዐይኔ ላይ አወለቀችው። ክፍሉ ሁሉ ደበዘዘብኝ፤ ሥዕሉም፣ እሷም፣ መስኮቱም አንድ ላይ ተቀላቀሉ። የሚሰማኝ የሻርፗ ጫፍ መስታወቱን ሲፈትግ ብቻ ነበር፤ ቀስ እያለ፣ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ሲሄድ። ከዚያ መልሳ አፍንጫዬ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"ቆሽሾ ነበር" አለችኝ።